ከዳመና ውስጥ የተመለሰ ሰላምታ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። የማንንም ስም አልጽፍም፤ የሞቱትም ያሉትም ልጆች አሏቸው። አንደኛው ፓይለቱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ከታላቅ ጋር ሲነጋገር ዐይኑን መሬት ላይ የሚያደርግ ወጣት። ሁለተኛው መካኒኩ ነው፤ ከእኔ ቤት ሦስት አጥር ወረድ ብሎ የሚኖር፣ በአንድ ዕድር ያለን ጎረቤቴ። ሦስተኛዋ የከብት ሐኪሟ ናት፤ ያን ቀን ከፓይለቱ ጎን የተቀመጠች ብቸኛ ተሳፋሪ። አራተኛው የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ነው። አምስተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ አውሮፕላን ውስጥ ገብታ አታውቅም፣ ነገሩ ግን ከሁላችንም ቀድሞ የገባት እሷ ናት። ስድስተኛው እኔ ነኝ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው። ራሴን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት በትሕትና አይደለም። በዚያን ጊዜም ተጠርጣሪዎችን ስቆጥር ራሴን ያገኘሁት መጨረሻ ላይ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። መሥሪያ ቤታችን የመንግሥት ነበር፤ ለከብት ክትባት የሚሆን መድኃኒትና ባለሙያ ወደ ክፍላተ ሀገር የሚያመላልሱ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሩት። አንድ ሞተር፣ አንድ ፓይለት፣ ከጎኑ አንድ ወንበር፣ ከኋላ ሣጥን። አውሮፕላኖቹ የሚያርፉት ከከተማው ማዶ ቦሌ ነው። የሬዲዮ ጣቢያው ግን ኮልፌ ዳገቱ ላይ ነበር፤ ቦታው ከፍ ስላለ ድምፅ ከሩቅ ይይዛል ተብሎ። ጣቢያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ረጅም ምሰሶ፣ ሁለት ሬዲዮ፣ አንድ መዝገብና እኔ። በአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ ከዚያ ክፍል ሆኜ አንድም አውሮፕላን ሲያርፍ አይቼ አላውቅም። የማውቀው ድምፃቸውን ነው።

እዚያ የገባሁት በዘበኝነት ነው። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ሌሎች የጣሉትን መጽሐፍ እያነሳሁ ነው። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ ሬዲዮን ከተበጣጠሰ የመመሪያ መጽሐፍ ተማርኩ። ቀድሞኝ የነበረው ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ተፈትኜ ወንበሩን ያዝኩ። ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ የሚያውቀውን በላቡ ስላገኘው የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ይህን የምለው ስለሌላ ሰው አይደለም።

ሥርዓት እወዳለሁ። ልጆቼ ሲገቡና ሲወጡ ቆመው ሰላምታ ሰጥተው ነው። በሬዲዮም እንደዚያው። አንድ ሰው ሲጠራኝ እንደምን አደሩ ሳይል ወደ ጉዳዩ ከገባ፣ ሬዲዮውን ዝም አሰኘውና እስኪያፍር እጠብቃለሁ። ፓይለቶቹ ይህን ጠባዬን አውቀው ተቀብለውት ነበር። አዲሱ ወጣት ፓይለት ግን ስጠራው አንዳንድ ጊዜ በቃል አይመልስም። የመነጋገሪያውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ በጆሮዬ የሚመጣው ያ ብቻ ነው። ይህ በፓይለቶች ዘንድ የተለመደ ምልክት መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን እንደ ንቀት ቆጠርኩት።

አንድ ቀን ደመወዝ ልንቀበል ዋናው ግቢ ስንገናኝ ያዝኩት። መካኒኩም እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገባችን ቆሞ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ስጠራህ ጠቅ ጠቅ የምታደርገው ምንድን ነው?»

«ሰምቻለሁ ማለት ነው ጋሼ። አንዳንዴ እጄም አፌም ሲያዝብኝ…»

«የሰው በር ነው እንዴ የምታንኳኳው?»

መካኒኩ ሳቀ። «ተወው እንጂ! እሱ ያለው ሰማይ ላይ፣ አንተ ያለኸው በርጩማ ላይ። ማን ነው ሥራ የበዛበት?»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አልኩት፤ ወደ ልጁ ዞሬም «አባትህ ቤት ሲገባ ጠቅ ነው የምትለው?» አልኩት።

ልጁ ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ ጋሼ፤ አይለመደኝም» አለ። እውነትም አልለመደውም። ከዚያ ቀን በኋላ የትም ቦታ ሆኖ ብጠራው በሙሉ ቃል ይመልስልኛል። ማታ ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት፤ አንድ ሰው አስተካከልኩ ብዬ።

አሁን ደግሞ ስለ ካድሬው። ያኔ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ሰው የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት። ካድሬው አውሮፕላኖቹ ማንን እንደሚያመጡ ቀድሞ ማወቅ ፈለገ። የተሳፋሪው የይለፍ ቁጥር አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት በሬዲዮ ይነገረኝና እኔ በስልክ ላሳውቀው አዘዘኝ። «ካረፈ በኋላማ ምን ዋጋ አለው ጓድ? የሚያመልጠው ሰው አምልጦ!» አለኝ። ትእዛዙን በቃል ነው የሰጠኝ፤ ወረቀት አልጻፈም። ትክክል ነው ብዬ ተቀበልኩት፤ እኔም ሰው የማላምን ነበርኩ።

በክረምት ከሩቅ ያለ አውሮፕላን ድምፁ በነጎድጓድ ይቆራረጣል። ስለዚህ የራሴን ዘዴ አበጀሁ። ከምዕራብና ከደቡብ የሚመጡት አውሮፕላኖች ወደ ቦሌ ሲወርዱ በእኛ በኩል ያልፋሉ። የሞተሩን ድምፅ ከቆርቆሮዬ ወዲያ ከዳመናው ውስጥ ስሰማ፣ ደረሰ ብዬ እጠራለሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ቁጥሩን እቀበላለሁ፤ ስልኬን እደውላለሁ። በዚህ ዘዴ ሁለት ክረምት ሠራሁ። ብልህ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ሰማዩ ሲዘጋ ትንሽ አውሮፕላን እንዴት እንደሚያርፍ ላስረዳ፤ ካልገባችሁ ቀሪው አይገባችሁም። ፓይለቱ መሬት አያይም። መስኮቱ ነጭ ግድግዳ ነው። የሚያምነው ፊቱ ያሉትን መሣሪያዎች ብቻ ነው፤ አንዱ አቅጣጫ፣ አንዱ ፍጥነት፣ አንዱ ከፍታ ይነግረዋል። ወደ ታች የሚወርደው እንደ ደረጃ ነው። እዚህ ከፍታ ድረስ ውረድ፣ እዚያ ቁም፣ ይህን ቦታ ሳታልፍ ከዚያ በታች እንዳትወርድ፣ ኮረብታ አለ ይባላል። አንዱን መሣሪያ ብቻ አትኩሮ ቢያይ ሌላው ያመልጠዋል፤ ዐይኑ ያለማቋረጥ መዞር አለበት። በዚያ ላይ የቦሌ ማረፊያ ተቆጣጣሪዎች የሚያዙትን ይሰማል፣ ይመልሳል። ይህን ሁሉ የሚሠራው አንድ ሰው ነው። የዚያን ማረፊያ ድምፅና የእኔን ድምፅ የሚሰማው በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ነው። ያኔ አላወቅሁም ብዬ አልዋሽም። መጽሐፉ ውስጥ አንብቤዋለሁ። አንብቤ ለሰው አስረድቻለሁ። ስሠራ ግን ትዝ አላለኝም።

ሐምሌ ነበር፣ ረፋድ ላይ። ኮልፌ ከጠዋት ጀምሮ ጭጋግ ውስጥ ነው፤ ከክፍሌ ደጃፍ የምሰሶው ጫፍ አይታይም። ከአራት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁና ጠራሁ።

«እንደምን አደርክ ልጄ?»

ትንሽ ቆየ። «እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። እንደምን አደሩ?»

«ይመስገን። ቤተሰብ ሁሉ ደህና? መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው ጋሼ። ጋሼ፣ ትንሽ ቆይተው ቢሆን…»

«የተሳፋሪህን ይለፍ ቁጥር ስጠኝና ወደ ሥራህ ትመለሳለህ።»

«እሺ ጋሼ።»

የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ የወረቀት መንኮሻኮሽም። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። «አራት… ሰባት… ዜሮ…»

«ከዜሮ በኋላ አልሰማሁህም። ድገምልኝ።»

«ዜሮ… ሁለት…» አለ። ሌላ ቁጥር አልመጣም።

ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። ጠቅ እንኳ አላለም። አሁን የምጽፈውን ነገር ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ፍርሃት ሳይሆን ንዴት ነው። ልጁ ወደ ድሮ ጠባዩ ተመለሰ፣ ናቀኝ አልኩ። መዝገቡን ሳብኩና ከሰዓቱ ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ሳይጨርስ ዘጋ» ብዬ ጻፍኩ።

አውሮፕላኑ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ ማዶ የባሕር ዛፍ ጫፍ መትቶ፣ አዲስ የታረሰ ማሳ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ነበር። ጭቃው አዳናቸው። ቀድመው የደረሱት ቆሼ ላይ ቆርቆሮና ጠርሙስ የሚለቅሙት ሰዎች ናቸው። በሩን በብረት ፈልቅቀው ሁለቱንም አወጧቸው፤ ቃሬዛ ስላልነበረ በለቀሙት ቆርቆሮ ላይ አስተኝተው እስከ መኪና መንገድ ተሸከሟቸው። እኔ ይህን የሰማሁት ከቀትር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ልጁን ስገናኘው የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር።

ፓይለቱ ጭንቅላቱ ተመትቶ፣ ቀኝ እግሩ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ሲነቃ፣ ጠዋት ከተነሳበት ማረፊያ በኋላ ያለውን ምንም አያስታውስም። የከፍታ መለኪያው ተሰባብሮ ስለነበር ትክክል ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ የለም። በዚያን ዘመን የተሰበረ ነገር ሁሉ የሰበረው ሰው ይፈለግለት ነበር። በማግሥቱ ካድሬው ሁለት ሰዎች አስከትሎ ጣቢያዬ መጣ።

«ጓድ፣ ይህ አደጋ አይደለም። አሻጥር ነው» አለኝ። «አውሮፕላኑን በዚህ ሳምንት የነካው ማን ነው?»

አልተገደድኩም። አልተመታሁም። አላስፈራሩኝም። የጠየቁኝን መለስኩ፤ ያልጠየቁኝንም ጨመርኩ። «ማክሰኞ ዕለት መካኒኩ የከፍታ መለኪያውን ከቦታው ፈትቶ አውጥቶ መልሶ ገጥሞታል፤ ራሱ ነው የነገረኝ» አልኩ። «ብቻውን ነበር?» «ብቻውን።» «ሌላስ?» «ወንድሙ እስር ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ጠባዩ ተለውጧል። የቀበሌ ስብሰባም ሦስት ጊዜ ቀርቷል።» አንዱ ሰው ይጽፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን መካኒኩን ከቤቱ በር ላይ ወሰዱት። የጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ሲያልፍ አየኝ፤ «እስቲ ቤቴን እያየህ» አለኝ። አደራ ሰጠኝ ማለት ነው።

የከፋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውን ከጠረጠሩ በኋላ ማስረጃ ማግኘት ቀላል ነው። ያለፈውን ዓመት በሙሉ ወደ ኋላ እየሄድኩ አበጠርኩት። አንድ ቀን ጦር ኃይሎች አደባባይ ከማላውቀው ሰው ጋር ሲያወራ አይቼው ነበር፤ ያ ሰው ማን ይሆን? የአውሮፕላኑን ቤት በር ገርበብ አድርጎ የሚሠራው ለምንድን ነው? ለብርዱ ነው ያለኝ፤ እውነት ለብርዱ ነው? ሲስቅ ይጠረጠራል፣ ዝም ሲል ይጠረጠራል። በቀልዱም ጠረጠርኩት፤ «ማን ነው ሥራ የበዛበት?» ያለው እኔን ከፓይለቱ ሊያጣላኝ ነው አልኩ። ሚስቱ ለልጆቿ ዳቦ ገዝታ ስታልፍ፣ ባሏ ታስሮ ገንዘቡን ከየት አመጣችው አልኩ። ልጆቼን ከልጆቿ ጋር እንዳይጫወቱ ከለከልኩ። ቤቱን እንዳይ አደራ ተቀብዬ ቤቱን እሰልል ነበር።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ታይ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት እየከተፈች ድንገት ጠየቀችኝ።

«ልጁ ሲወድቅ ምን እያደረገ ነበር?»

«ይበር ነበራ! ምን ያደርጋል?»

«ከአንተ ጋር ያወራ አልነበር እንዴ?»

«እኔ ከሁሉም ጋር አወራለሁ። ሥራዬ ነው።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔ እንኳ ሽንኩርት ስከትፍ ስትጠራኝ፣ እንዲህ አስቀምጬ ነው አቤት የምልህ። እሱ ምኑን ያስቀምጣል?»

«ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?» አልኳት። «የመካኒኩ ሚስት መጥታ ነበር አይደል?»

«አንተ ሰውዬ፣» አለች፣ «አሁን ደግሞ እኔን ልትጀምር ነው?» ቢላዋውን አንስታ ቀጠለች። ያን ሳምንት እሷንም ጠረጠርኳት፤ ከማን ጋር እንደምትውል ልጆቼን ጠየቅሁ። ልጆቼ መልስ አልሰጡኝም። እናታቸውን አሳልፈው ባለመስጠታቸው ዛሬ እኮራባቸዋለሁ።

መካኒኩ በታሰረ በሠላሳ አራተኛው ቀን የከብት ሐኪሟን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ልጠይቅ ስል ብርቱካን ይዤ ነው፤ ልቤ ውስጥ ግን የያዝኩት ሌላ ነው። የከፍታ መለኪያው አሳስቶ ሲያነብ አይታ ይሆናል ብዬ፣ በመካኒኩ ላይ የሚጨመር ቃል ፍለጋ ነበር። ግራ ትከሻዋ በጄሶ ታስሯል።

«መለኪያው የሆነ ነገር ሆኖ ነበር አይደል እህቴ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«ዳመና ውስጥ ከገባን ጀምሮ ከፍታውን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ነበር የሚወርደው፤ ለራሱ። እዚህ ደርሻለሁ፣ እዚህ ደርሻለሁ እያለ። እኔም ደስ ብሎኝ እሰማው ነበር፤ ፍርሃቴን አቀለለልኝ። እርስዎ ሲጠሩት መቁጠሩን አቆመ።»

ብርቱካኑን ከአልጋዋ ጎን አስቀመጥኩ።

«'ተዋቸው፣ በኋላ ትነግራቸዋለህ' አልኩት። 'ጋሼ ይቀየማሉ' አለኝ። ወረቀቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ጽሑፉ ስላልታየው ወደ መስኮቱ ዞር አድርጎ ያዘው። መለኪያውማ ይሠራ ነበር ጋሼ፤ መርፌው ሲወርድ እኔ እያየሁት ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም። የሚያውቀው እሱ፣ ወረቀቴን ያነባል።»

«ይህን ለመርማሪዎቹ ነግረሻቸዋል?»

«ስለ መካኒኩ ብቻ ነው የጠየቁኝ። 'አላውቀውም' አልኩ።»

ከሆስፒታሉ ስወጣ የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን ነበር? ይህች ሴት ከመካኒኩ ጋር ትዋወቃለች የሚል ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ግን ጣቢያዬ ደርሼ መዝገቡን ስከፍት፣ የማላምነው ሰው ጽሑፍ ሳይሆን የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው የጠበቀኝ። ሰላምታ የጀመርኩበት ደቂቃ፣ ቁጥሩ የተቋረጠበት ደቂቃ፣ በመካከላቸው ሁለት ደቂቃ ተኩል፤ ከጎኑ «ሳይጨርስ ዘጋ»። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ያን ገጽ መልሼ ሳይ ገና የመጀመሪያዬ ነበር።

ያንኑ ሳምንት ካድሬው ደወለልኝ። ስለ አደጋው የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ መዝገቤን ሊያይ ነው። «ያን ቀን ያለው ገጽ ተበላሽቷል አሉ፤ በንጹህ ገልብጠው ጓድ» አለኝ። «አልተበላሸም» አልኩት። «ተበላሽቷል» አለኝ፤ «አላስፈላጊ ነገር በዝቶበታል። ስለ ይለፍ ቁጥር ምናምን የሚል። እኔ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሰጠሁም።» ያኔ ገባኝ። እሱም ራሱን እያዳነ ነው። ልዩነታችን ጥፋቱ የእኛ መሆኑን እሱ ከመጀመሪያው ማወቁ ነው።

እምቢ አልኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እሺ ነው ያልኩት። አዲስ ወረቀት አወጣሁ፣ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ ገለበጥኩ፤ ጥሪዬን ዘለልኩ፣ አውሮፕላኑ ዝም እንዳለ መጣና ዝም እንዳለ ጠፋ። አዲሱን ገጽ መዝገቡ ውስጥ ሰክቼ ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ዘጠኝ ቀን ሁለቱም እዚያ ተኙ። በየቀኑ ጠዋት መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ አያለሁ፣ እዘጋለሁ። ቤት አምስት ልጆች አሉ እላለሁ። እኔ ብናገር የሚመጣብኝ እስር ነው እላለሁ። መካኒኩም ቢሆን ሌላ ያጠፋው ነገር ይኖራል፣ አለበለዚያ ይህን ያህል ቀን አያስሩትም እላለሁ። ይህች የመጨረሻዋ ሐሳብ ብዙ ሰው የገደለች ሐሳብ ናት፤ እኔም በጓዳዬ አሳድሬያታለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ፓይለቱ ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ ሄጄ አላውቅም ነበር። እግሩ በገመድ ተሰቅሏል፤ ሲያየኝ ለመነሳት ሞከረ።

«ተው፣ ተኛ» አልኩት።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ቤተሰብ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነን። አንተ እንዴት ነህ?»

«ይመስገን። ሐኪሞቹ መብረሩን እርሳው ይሉኛል፤ እስቲ እናያለን።» ትራሱን አስተካከለ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ጠርተውኝ ነበር አሉ። እኔ ምንም አላስታውስም። መለስኩልዎት?»

«መልሰሃል፤ በደንብ መልሰሃል።»

«ተመስገን» አለ። ደስ አለው። ያ ደስታው ነው ከወንበሬ ያስነሳኝ። ከዚያ በቀጥታ ጣቢያ ሄጄ በቆንጆ የተገለበጠውን ገጽ ቀደድኩና ዋናውን መዝገብ በብብቴ ይዤ ወደ ኮሚቴው ሄድኩ።

ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ጸጉሩ የሸበተ፣ በወጣትነቱ ራሱ ያበረረ ሰው ነው። ካድሬውም ጥግ ላይ ተቀምጧል። መዝገቡን ገልጬ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሽበታሙ ሰውዬ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ ቀና አለ።

«'ሳይጨርስ ዘጋ' ይላል። ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ሲጠሩት በስንት ከፍታ ላይ እንደነበረ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ጠይቀውታል?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ስለ ቤተሰቡ ግን ጠይቀውታል።»

«አዎ።»

«ትንሽ ይቆዩኝ አላለዎትም?»

«ብሎኛል። አልቆየሁትም።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። «እኔም አብርሬ ነበር» አለ። «ዳመና ውስጥ ሆኜ እናቴ ብትጠራኝ እንኳ አልመልስም ነበር። ይህ ልጅ እርስዎን ከእናቱ በላይ ፈራዎት ማለት ነው።» ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስለ ይለፍ ቁጥሩ ትእዛዝ ስናገር ካድሬው «ውሸት ነው! ወረቀቱን ያሳየን!» ብሎ ጮኸ። ወረቀት አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ በመዝገቤ ላይ የተጻፉት የይለፍ ቁጥሮች ግን ነበሩ፤ ሽበታሙ ሰውዬ ገጽ በገጽ ገለጣቸው። መካኒኩን ስለ መጠቆሜም ነገርኳቸው። «ይህስ ከምን ተነስተው ነው?» አሉኝ። «ከጥርጣሬ» አልኩ። ጻፉት።

ሥራዬን ያን ዕለት ተነጠቅሁ። አሥራ አንድ ቀን አሰሩኝ፤ አልመቱኝም። መካኒኩ እኔ በተናገርኩ በአምስተኛው ቀን ተፈታ። ወደ ሥራው አልመለሱትም፤ አንዴ የተጠረጠረ ሰው አውሮፕላን አይነካም ተባለ። ወደ ታች የሚወርድ አውሮፕላንን ከማረፊያው በቀር ማንም እንዳይጠራ የሚል ማስታወቂያም በጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። የተለጠፈው ሌላ ሰው ወንበሬ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ያነበብኩት በመንገድ ሳልፍ ነው።

ከመካኒኩ ጋር የተገናኘነው ጦር ኃይሎች አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው። ከስቷል። ስሙን ጠርቼ ሰላም ስለው አልሰማኝም። ክንዱን ነካሁት፤ ዞሮ ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ።

«በዚህ በኩል ተናገር፤ ያኛው አይሠራም።»

«መቼ ነው?»

«ልወጣ አሥር ቀን ሲቀረኝ። አንዱ በጥፊ መታኝ፤ ትልቅ እጅ ነበረው።»

ቆጠርኩ። የተፈታው በአርባ ስምንተኛው ቀን ነው። ልወጣ አሥር ቀን ሲቀረኝ ያለው ሁለቱ ገጾች መሳቢያዬ ውስጥ ከተኙባቸው ቀናት አንዱ ነው። ይህ ሰው አውሮፕላን ሲነሳ ዐይኑን ጨፍኖ ሞተሩ ምን እንደጎደለው በጆሮው ብቻ የሚናገር ሰው ነበር። እዚያው ሰው መሀል ነገርኩት። «ስምህን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «የኔ ጥፋት መሆኑን ካወቅሁ በኋላም ዘጠኝ ቀን ዝም ብያለሁ፤ ጆሮህ የሄደው በዚያ መሀል ነው።»

አውቶቡሱ እየመጣ ነበር። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

«የመጀመሪያውን ጠርጥሬው ነበር» አለኝ። «ሁለተኛውን ግን ከአንተ አልጠበቅሁም።» ተሳፈረ፤ መስኮቱ ጋር ተቀመጠ። እኔ በሌላ አውቶቡስ ሄድኩ። እስኪሞት ድረስ በዕድር ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ እንጀራ ተቀባብለናል፣ ሬሳ አብረን ተሸክመናል። ስለዚያ ነገር ግን ዳግመኛ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ሰው ከእኔ አንድ ነገር እንዲማር ከተፈለገ ይህን ይማር። አክብሮት ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሰጪው እጁ ከሥራ ባዶ ሲሆን ነው የሚጠየቀው። እኔ ያን ልጅ ታላቁን ማክበር አስተማርኩት ብዬ ነበር። ያስተማርኩት እኔን ከሞቱ በላይ እንዲፈራ ነው። ጥርጣሬዬም እንደዚያው ነው፤ ንቃት ይመስለኝ ነበር፤ ሌላ ቦታ እንዳይ የሚያደርገኝ ግን እሱ ነበር። መንደሩን በሙሉ ስፈትሽ የራሴን የእጅ ጽሑፍ አላነበብኩም።

ድምሩ ይህ ነው። አንድ አውሮፕላን፤ ከማሳው ላይ በቁርጥራጭ ተጭኖ ሄደ። ወጣቱ ፓይለት አንድ እግሩን እያነከሰ ኖረ፤ ዳግመኛም አልበረረም፤ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲያገላብጥ ጡረታ ወጣ። የከብት ሐኪሟ ግራ ክንዷን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት አቃታት፤ ላም የምታዋልድ ሴት ነበረች፣ ያንን ሥራ ተወችው። መካኒኩ አርባ ስምንት ቀን፣ ሙያውንና አንድ ጆሮውን ከፈለ። ሚስቱ እሱ በታሰረበት ጊዜ የአንገት ወርቋን ሸጠች፤ መልሳ አልገዛችውም። ባለቤቴ ለብዙ ዓመት በጎረቤት ፊት አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ለእኔም በጓዳ አንድ ነገር ስትነግረኝ እንዴት እንደምሰማው አስቀድማ ፊቴን ማየት ለመደች። ካድሬው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከፍ ተብሎ ተዛወረ። እኔ ሥራዬንና አሥራ አንድ ቀን ከፈልኩ፤ ከከፈልነው ሁሉ ያነሰውን የከፈልኩት፣ ከካድሬው ቀጥሎ፣ እኔ ነኝ።